የትዳር ጓደኛ ከሞተ በኋላ አብሮ መዘመር፦ ያጽናናል ወይስ ያዘናጋል?

መነሻ ጽሑፍ

ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነዝንዞኝ፣ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ሰዎች በሳምንት አንድ ማታ እየተሰበሰቡ የሚዘምሩበት ቡድን ገባሁ። ድምፅ የለኝም። ዕድሜ ልኬን ያንጎራጎርኩት ጢሜን ስላጭ ብቻ ነው፤ እሱንም ዜማውን እያበላሸሁት ባለቤቴ ከሌላው ክፍል ሆና ታርመኝ ነበር። እሷ ከሄደች ወዲህ ዝም ብዬ ነው የምላጨው።

የመጀመሪያው ቀን የግጥሞቹን ማኅደር ሰጡኝ። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የተጠቀመበት ነው። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ እዚህም እዚያም «ተንፍስ» ይላል። የገረመኝ ቦታው ነው። ስንኙ ሲያልቅ መሆን ሲገባው መሃል ላይ፣ አንዳንዴም ጤነኛ ሰው ፈጽሞ በማይተነፍስበት ቦታ ነው። ስሙን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተኩል ደህና ሰው ነኝ። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት ስቄያለሁ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ቁልፉን በሩ ላይ ስሰካ ጸጥታው ከሌላው ቀን እጥፍ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሳልሄድ በቀረሁባቸው ሳምንታት እንዲህ አይከብደኝም። ታዲያ ይሄ መጽናናት ነው ወይስ ራስን ማዘናጋት? እናንተስ ዘምራችሁ ስትመለሱ ቤት እንዴት ትገባላችሁ?

ይህን ማታ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ዘጠኝ መልስ ጠበቀኝ፤ በሳምንቱ ሃያ አምስት ደረሰ። ዘግይታችሁ የምትመጡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ከምትዳክሩ ብዬ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር እያስከተልኩ ነው። ስድብ ያለበትን አለስልሼዋለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም።

መልስ 1

ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ነች። አጽናናችኝ፣ እንዳላቋርጥ መከረችኝ፣ የቤት መግቢያዋን ደቂቃ በደንብ እንደምታውቃትና ለእሷም አንድ ዘዴ እንዳላቸው ነገረችኝ። ዘዴውን ሳትነግረኝ ሰው ጠራት መሰለኝ ጠፋች።

መልስ 2

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ጽፎ ሄደ። ከሁሉም መልስ ይበልጥ የተወደደለት እሱ ነው። እኔ የጠየቅሁት ሃምሳዎቹ ተበትነው አንዱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስለሚሆነው ነበር፤ ይሁን።

መልስ 3

ይሄኛዋ ጥናት ይዛ መጣች። ዴይዚ ፋንኮርት የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ነው። የቅርብ ሰው በካንሰር የሞተባቸው 58 ሰዎችን ተከታትለዋል፤ 29ኙ በየሳምንቱ አብረው ዘመሩ፣ 29ኙ አልዘመሩም። እስከ 24ኛው ሳምንት ድረስ ሲታዩ የዘማሪዎቹ የድብርት ስሜት ሳይብስ ረግቶ ቆየ፤ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትና ነገሮችን እወጣዋለሁ የሚለው እምነታቸውም ቀስ እያለ ከፍ አለ። እሷ ከዚህ ተነስታ ጉዳዩ የተዘጋ ነው፣ ሐዘንተኛ ሁሉ ሊዘምር ይገባዋል አለች።

መልስ 4

ይህን አንብቦ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው መጣ። በጨዋ ቃል ቢጀምርም ሁለተኛው መስመር ላይ ምላሱን መሳል ጀመረ። በዚያ ጥናት ማን ይዘምር፣ ማን አይዘምር የሚለው በዕጣ አልተወሰነም፤ ለመዘመር የመጡት ራሳቸው ፈልገው ነው። ፈልጎ ከቤት የወጣ ሰው ደግሞ ድሮም ከማይወጣው ይሻላል። በተጨማሪም ድብርቱ አልባሰም ማለትና ድብርቱ ለቀቀ ማለት አንድ አይደለም፤ ሦስተኛዋ ሁለቱን ቀላቅላለች ብሎ ከሰሳት።

ልክ ነው። ግን እኔ እንደሚመለከተው ሰው ስናገር፣ ሁለተኛውን ዓመት ሳይብስብኝ ካለፍኩ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

መልስ 5

አራተኛውን አመስግና ሌላ ጥናት ጨመረችለት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮቢን ደንባር ያለበት የኦክስፎርድ ቡድን፣ የዘፈን ክፍል የገቡ ጎልማሶችን የእጅ ሥራና የድርሰት ክፍል ከገቡት ጋር ለሰባት ወር አነጻጸረ። ዘፋኞቹ ገና ከመጀመሪያው ከማያውቁት ሰው ጋር ፈጥነው ተቀራረቡ። በሰባተኛው ወር ግን የእጅ ሥራውም የድርሰቱም ክፍል ደርሶባቸው ሁሉም እኩል ሆኑ። በሳን ፍራንሲስኮ በ12 የአረጋውያን ማዕከላት 390 ሰዎችን ይዞ የተካሄደ ሌላ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ፣ ስድስት ወር የዘመሩት ብቸኝነታቸው ቀነሰ፣ ለኑሮ ያላቸው ፍላጎትም ጨመረ፤ በማስታወስ ችሎታና በአካል ብርታት ግን ልዩነት አልታየም። እሷ ከሁለቱ የምትይዘው፣ ዘፈን በር ቶሎ ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሠራም የሚለውን ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሰባት ወር ጠብቆ ጓደኛ ለማፍራት አቅም የለውም፤ ስለዚህ መፍጠኑ ራሱ ጥቅም ነው ትላለች።

መልስ 6

ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ከሁሉም ረጅሙን የጻፈውም እሱ ነው። በመጀመሪያ የገባው ለሐዘንተኞች የሚዘጋጅ የምክክር ስብሰባ ነበር። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሁሉም ዓይን ወደሚቀጥለው ይዞራል። ሁለት ቀን ተራው ሲደርስ እርስዎስ ተባለ፣ ሁለት ቀን ጣሪያ ጣሪያ አየ፣ በሦስተኛው አልሄደም። ዘፈኑ ጋ ግን ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው። ጎን ለጎን ትቆማለህ፣ ትከሻህ የሰው ትከሻ ይነካል፣ ማንም ፊትህን አያጠናም። አራት ወር ሙሉ ስለ ሚስቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ አንድ ማታ ደረጃ ላይ፣ ኮቱን እየለበሰ፣ አጠገቡ ለሚቆመው ሰው በምን ሕመም እንደሞተች ነገረው። ያም ሰው የራሱን ነገረው። ሁለቱም እጅጌያቸውን ሳያስገቡ ነው የቆሙት።

ወንዶች እንዲህ ዓይነት ቦታ ካላገኙ ያልቃሉ ብሎ፣ ሚስቶቻቸው ከሞቱባቸው ወንዶች ግማሹ በስድስት ወር ውስጥ ይከተላሉ የሚል ቁጥር ጣል አድርጎ ጨረሰ።

መልስ 7

ቁጥሩን አረመው፤ ደግ አደረገ፣ እኔ ደንግጬ ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1969 ፓርክስና ባልደረቦቹ በብሪታንያ ያወጡት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,486 ሚስት የሞተችባቸውን ወንዶች ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 213ቱ ሞቱ። ይህ ሚስቶቻቸው በሕይወት ካሉ እኩዮቻቸው ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘውም የልብ በሽታ ነው። ከሃያው አንዱ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ግማሽ የሚባለው ከየት እንደመጣ ስድስተኛውን ጠየቀው። ስድስተኛው ሰው ነገረኝ አለ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

መልስ 8

እስከዚህ ድረስ ክሩ፣ ማለትም ይህ የመልስ ሰንሰለት፣ ጨዋ ነበር። ስምንተኛዋ ባሏን ከቀበረች ሦስት ዓመት እንደሆናትና በእነዚህ ዓመታት አንድ ዜማ ከአፏ እንዳልወጣ ጻፈች። ሬዲዮ እንኳ አትከፍትም። የምንዘምረውን ሁሉ ሙታናችንን በጩኸት የምንሸፍን፣ ለመርሳት የቸኮልን አድርጋ ቆጠረችን። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ አንድ መስመር አላት፤ ሳቅሁ ያልኩትን ይዛ፣ ቤት ስገባ የሚከብደኝ ጸጥታ ሳይሆን ኅሊናዬ ነው አለችኝ።

ይህን ሳነብ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከስምንተኛዋ ጋር አልስማማም። ግን ያንን መስመር ለሁለት ቀን ይዤው ዞሬያለሁ።

መልስ 9

በእኔ ፋንታ ተቆጣችላት። ሐዘን በዝምታ ርዝመት የሚለካ ከሆነ ሽልማቱን ውሰጂ ከማለት አልተመለሰችም። አስተናባሪው ግማሹን ሰርዞታል።

መልስ 10

ውሃ ያፈሰሰበት ይህ ሰው ነው። ለማንም አልወገነም። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የሚባሉ በኔዘርላንድስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡትን ሐሳብ አስረዳ። እንደነሱ ከሆነ ሐዘንተኛ በአንድ መንገድ ወደ ፊት እየሄደ አይድንም። ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሟቹ፣ ወደ ፎቶው፣ ወደ ልብሱ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደሚከፈለው ሒሳብ፣ ወደ አዲስ ሰው፣ ወደ አዲስ ልማድ። ጤነኛው ነገር ውዝዋዜው ራሱ ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ዳር ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው። ስለዚህ እኔ የክፍሉን ሳቅና የበሩን ክብደት እንደ ሁለት ተቃራኒ ነገር ማየቴ ስህተት ነው አለኝ፤ በአንድ ማታ ሁለቱንም ዳር ነክቼ መምጣቴ ነው። ያልሄድኩ ቀን ያልከበደኝም ተሽሎኝ አይደለም፣ ስላልተንቀሳቀስኩ ነው።

ይህ መልስ ለስምንተኛዋም መልስ ነው። እሷ ግን ያን ጊዜ ክሩን ትታ ሄዳ ነበር።

መልስ 11 እና 12

አስራ አንደኛው ሆምስና ራሂ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 የሠሩትን የጭንቀት መለኪያ ጠቀሰ። ከ43 የሕይወት ክስተቶች የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ይዞ አንደኛ ነው፣ ፍቺ በ73 ይከተለዋል። አስራ ሁለተኛዋ መቶ ከመቶ አገኘን ማለት ነው ብላ አሾፈችበት። እኔም ስቄያለሁ፤ ስምንተኛዋ ትስማ።

መልስ 13

ለእኔ ይህ መልስ ብቻውን ክሩን ያህላል። ጸሐፊዋ ለብዙ ዓመታት የዘማሪ ቡድኖችን የመራች ናት፤ ሐዘንተኞች ያሉበትንም መርታለች። ስለ ስሜት ምንም አላወራችም፤ ስለ ጉሮሮ ነው ያወራችው።

ለቅሶ ሲመጣ ሰውነት አየር ለመሳብ ጉሮሮን ይከፍታል፤ ድምፅ ለማውጣት ደግሞ የድምፅ አውታሮቹ መግጠም አለባቸው። ሁለቱ ሲጓተቱ ያ ሳግ የምንለው ጉብታ ይፈጠራል። ታግሎ ማሸነፍ አይቻልም። የሚቻለው አፍን ዘግቶ በአፍንጫ ማንጎራጎር፣ ትከሻን መልቀቅ፣ እስኪያልፍ አጠገብ ያለውን መስማት ነው። በእሷ ቡድን ዘፈን ያቋረጠን ሰው ማንም ዞሮ አያይም፣ ደህና ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ሕግ ነው። በሩ አጠገብ ሁልጊዜ ሁለት ባዶ ወንበር አለ። ስሜት የሚነካውን ዘፈን መጀመሪያም መጨረሻም አታደርገውም፤ መሃል ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሰው ተሰብሮ እንዳይሄድ። ዕድሜ ሲገፋ የሴቶች ድምፅ ወደ ታች ስለሚወርድ የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ዝቅ ታደርግላቸዋለች፤ ድምፄ ሄደ ብለው የሚያዝኑ ብዙዎች የሄደባቸው ድምፃቸው ሳይሆን የድሮው ከፍታ ነው።

ልብም አብሮ እንደሚመታ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን ሲለኩ፣ የልብ ምታቸው አብሮ ሲፈጥንና አብሮ ሲዘገይ አግኝተዋል። ምሥጢሩ ትንፋሽ ነው። ዜማው የት እንደምትተነፍስ ያዝዛል፣ ልብ ደግሞ ትንፋሽን ይከተላል።

ከዚያ ወደ ማኅደሬ መጣች። ስንኝ መሃል ላይ «ተንፍስ» ተብሎ መጻፉ ስህተት አይደለም አለች። ረጅም ስንኝ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቦታ ከተነፈሰ ዜማው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ሰዎች ይስማማሉ። አንዱ እዚህ ሲተነፍስ ሌላው ይይዝለታል፣ ሌላው እዚያ ሲተነፍስ ይሄኛው ይይዝለታል። ከውጭ ለሚሰማ ስንኙ የተቆረጠበት ቦታ የለም። ያ ሰውዬ ምልክቱን ብቻውን አልጻፈውም፤ ከጎኑ የሚቆም ሰው ማኅደር ውስጥ ተቃራኒው መኖር አለበት አለች።

በማግሥቱ የልምምድ ቀን ነበር። በግራዬ የምትቆመው ሴት ብዙ አትናገርም፤ የት ገጽ እንደሆንን በጣቷ ታሳየኛለች፣ ያ ነው ትውውቃችን። ማኅደሯን አሳዪኝ አልኳት። እኔ ጋ «ተንፍስ» ባለበት መስመር እሷ ጋ «ያዢ» ይላል፤ ያው እርሳስ፣ ያው ደቃቅ ጽሕፈት። እሱ ነው የጻፈልኝ አለችኝና ገጹን ገለበጠችው።

መልስ 14፣ 15 እና 16

እዚህ ጋ ክሩ መንገዱን ሳተ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና አስራ አራተኛው መዘመር የምትለውን ቃል ያዘ። መዝሙር የአምልኮ ነው፣ እናንተ የምታደርጉት መዝፈን ነው፣ በስሙ ጥሩት አለ። አስራ አምስተኛዋ የቃል ነገር ከተነሳስ ብላ፣ መበለት የሚለው ቃል እንደ ክስ እንደሚሰማት፣ ለወንዱ ደግሞ በዕለት ንግግራችን አንድ ቃል እንኳ እንደሌለን፣ ሚስቱ የሞተችበት እያልን በሐረግ እንደምንዞረው ጻፈች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 23 በፈረንጆቹ የመበለቶች ቀን እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ወስኖ ከ2011 ጀምሮ መከበሩንም አስታወሰች፤ ስለ ወንዶቹ ቀን ሳትጠይቅ አላለፈችም።

አስራ ስድስተኛው ሁለቱንም ሰምቶ፣ እኛ የሚያስፈልገን ቃል ሌላ ነው አለ። አንዱ ዘፈን ሲያወጣ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ይቀበላሉ። ስማቸውም ተቀባይ ነው። ያልተቀበሉት ዘፈን ደግሞ አውጪው የቱንም ያህል ድምፀ መረዋ ቢሆን ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህን ብሎ የቃሉን ርቢ ወደ መዘርዘር ገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበብኩም።

አላነበብኩም ያልኩት እዚያ ቃል ላይ ስለቀረሁ ነው። ቤቴ ውስጥ የጠፋው እሱ ነው። መስኮት አጠገብ ቆሜ ዛሬ በረደ እላለሁ። ድሮ ቢሆን ከውስጥ አዎ፣ ዝጋው የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሠላሳ አራት ዓመት በቀን መቶ ጊዜ የሚደረግ ነገር ነው። አሁን በረደ የሚለው ቃሌ ክፍሉን ዞሮ ወደኔው ይመለሳል። ጎረቤትም ልጆችም ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፤ ጥያቄና መልስ ግን መቀበል አይደለም። በዘፈኑ ክፍል ውስጥ መሪያችን አንድ ስንኝ ስታወጣ ሃያ ሁለት ሰው ይቀበላታል፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ፤ የእኔንም ሰባራ ድምፅ በግራዬ ያለችው ሴት ትይዝልኛለች። ስሄድ የማገኘው ይህንን መሆኑን ያወቅሁት አስራ ስድስተኛው ከአስራ አራተኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው።

መልስ 17 እና 18

አስራ ሰባተኛው እንዲህ ያሉ ቡድኖች የትዳር መፈላለጊያ ናቸው ብሎ ቀለደ። አስራ ስምንተኛዋ አልሳቀችም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰው ካገኘችም የራሷ ጉዳይ ነው፣ ግን የምትሄደው አልቶ የሚባለውን የሴቶች ዝቅተኛ ድምፅ ከሚዘምሩት አንዷ ስለሆነችና እሷ ከቀረች ሦስት ብቻ ስለሚቀሩ ነው። እኛ ቤት ብቀር ጎደልሽ የሚለኝ ሰው የለም፣ እዚያ ግን ብቀር ይሰማል አለች። አስራ ሰባተኛው ይቅርታ ጠየቀ። የልቡን ይሁን አይሁን አላውቅም።

መልስ 19

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አይወጣም ብላ የራሷን ነገረችን። የገባችበት ቡድን መሪ ዘፈን በፈገግታ ነው የሚወጣው እያለች ጉንጯን ታሳያት ነበር። ባሏ ከሞተ አምስተኛ ወሯ ነው። ለመድረክ ዝግጅት ተብሎ ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ፣ የቀረ ሰው ስሙ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረ። አንድ ማታ ማኅደሯን ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች፤ ማንም አልደወለላትም። አስራ ሦስተኛዋ መሪ ወዲያው መለሰችላት፦ ሐዘንተኛን ለመድረክ ማሠልጠንና ከሐዘንተኛ ጋር መዘመር ሁለት ሥራ ነው፤ ከመግባትሽ በፊት መድረክ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ማኅደርሽ ውስጥም የፈገግታ ምልክት ካየሽ ውጪ። ይህን እኔም ልብ ብያለሁ። እኛ ዘንድ መድረክ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሦስት ወር የምቆይ አይመስለኝም።

መልስ 20

ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ነው፤ ጸሐፊዋ በሙያዋ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ዘፈን ሕክምናን አይተካም አለች። ሐዘኑ ከጊዜው አልፎ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያግድ ከሆነ የራሱ ስም ያለው ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ከስድስት ወር በላይ የዘለቀውን ይቆጥራል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 እትሙ ለአዋቂ 12 ወር ይላል። ሁለቱም የሚያዩት ቀኑን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው መብላት፣ መሥራት፣ ከሰው መገናኘት አቅቶታል ወይ የሚለውን ነው። ስምንተኛዋን ሳትጠቅስ ለስምንተኛዋ የጻፈችው መሰለኝ።

መልስ 21

ድንገት የተቆጣ ሰው መጣ፤ በማን እንደሆነ አልገባኝም። ትከሻ ለትከሻ እያላችሁ የምታወሩት ሁሉ መስኮት ስለመክፈት አንድ ቃል የለውም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጂት በሚባል አውራጃ 61 ዘማሪዎች ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማምደው 53ቱ በኮቪድ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። አብዛኞቻችን በዕድሜ የገፋን ነን፤ መስኮት ክፈቱ፣ ያሳለው ይቅር፣ ተራራቁ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ነገሩ እውነት ነው። እኛ ክፍል ያለው መስኮት በቀለም ተጣብቆ አይከፈትም፤ ለመሪያችን ነግሬያታለሁ።

መልስ 22

እንግዲያው ከቤት ሆናችሁ በቪዲዮ ዘምሩ የሚል ሐሳብ አመጣች፤ ራሷም ያኔ ሞክራዋለች። ድምፅ በኢንተርኔት ሲመላለስ ስለሚዘገይ ሁሉም ማይኩን ዘግቶ መሪውን ብቻ እየሰማ ለብቻው ይዘምራል። የራሷን ድምፅ ብቻ በባዶ ክፍል ውስጥ ስትሰማ አንድ ዘፈን ሳትጨርስ ዘጋችው። ሐሳቡን ያመጣችውም ያፈረሰችውም ራሷ ናት።

መልስ 23

መስማት ስለሚቸግረው የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ረጅም ድምፅ ሲያዝ መሣሪያው እየተንቀጠቀጠ እንደ ፍየል ያስጮኸዋል፣ በዚህ ምክንያት ሊተወው ነው። ያለቦታው የመጣ ጥያቄ ቢመስልም ስድስት ሰው ተረባረበበት። ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው የራሱን ፉጨት ለማፈን የተሠራ ዘዴ አለው፤ ረጅም ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰማ ፉጨት መስሎት ሊያፍነው ይሞክራል። የጆሮ ባለሙያው ይህን ዘዴ የሚያላላ ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅንብር ሊጭንለት ይችላል። ሰውየው ሄዶ አስጫነ። ተመልሶ ሲጽፍ በትልልቅ ፊደል ነበር የጻፈው።

መልስ 24

ስምንተኛዋ ተመለሰች። ለማንም ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ሳይዘምሩ መቀመጥ ይቻላል ወይ? ዘጠነኛዋ ቀድማኝ ይቻላል አለቻት፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔም በእኛ ቡድን አንድ ሰው ለሁለት ወር ያህል ገጽ ብቻ ሲገልጥ እንደነበር ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችም።

መልስ 25

የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ለካ የልጅ ልጆች መጥተውባት ነው የጠፋችው። ዘዴ ያለችው ይሄ ነው። እነሱ ቡድን ውስጥ የሚለያዩት በሩ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይመደብለታል፤ ቤት ገብተህ ኮትህን ሳታወልቅ ለተመደበልህ ሰው ትደውላለህ። ወሬ አያስፈልግም፣ ከሁለት ደቂቃ ማለፍም ነውር ነው። ገባህ? ገባሁ። በቃ። አብረው ሲዘምሩ ትንፋሽ እንደሚቀባበሉት ሁሉ የበሩንም ደቂቃ ይቀባበሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ማታ እንኳ ሳይደዋወሉ አልተኙም ትላለች።

ይህን ለመሪያችን ነገርኳት፣ እሷም ለሁሉም ተናገረች፣ አንዳንዱ ወደደው፣ አንዳንዱ የልጅ ጨዋታ ነው አለ። ትናንት ማታ ደረጃውን ወጥቼ ቁልፉን ስሰካ ስልኬ ጮኸ። በግራዬ የምትቆመዋ ሴት ናት። ገባህ አለችኝ፣ እየገባሁ ነው አልኳት። በርዷል አይደል አለች። አዎ አልኳት፣ መስኮቱን ልዝጋ።